የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በአስቸኳይ ጭነት ሥራ ለሚጀምሩ አሽከርካሪዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዳማ የተላኩ ናቸው። ከጅቡቲ በአዋሽና በመተሐራ የሚመጣው መንገድ በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል፤ የሞጆ ደረቅ ወደብ በቅርብ ርቀት ላይ ይገኛል፤ በ2007 ዓ.ም. ለትራፊክ ክፍት የሆነው የአዲስ አበባ የክፍያ መንገድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በአዳማ መንጃ ፈቃድ የያዘ ወጣት ከሁሉ በፊት ዓይኑን የሚጥለው በጭነት ሥራ ላይ ቢሆን አያስደንቅም። ደብዳቤዎቹን ከማሳጠር በቀር በይዘታቸው ላይ የለወጥነው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት ያህል በረዳትነት ከሠራሁ በኋላ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። አሁን አንድ የአይሱዙ ባለንብረት ከመቂና ከባቱ ቲማቲም ጭኜ ሌሊቱን ለአዲስ አበባ ገበያ እንዳደርስ፣ ቲማቲም በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ከሞጆ ለፋብሪካዎች የሚሄድ ዕቃ እንድጭን ጠይቆኛል። ‹ጭነቱ አስቸኳይ ስለሆነ ፈጣን ሹፌር እፈልጋለሁ› ነው ያለኝ። መኪናውን መንዳት አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ሰዓቱ ነው። ከምን ልጀምር?» ተ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ፍርሃትዎ ትክክለኛ ቦታውን አግኝቷል፤ በዚህ ሥራ አዲስ አሽከርካሪን የሚጥለው ከመሪው ይልቅ ሰዓቱ ነውና። በመጀመሪያ ግን አንድን ጭነት አስቸኳይ የሚያደርገው ምክንያት ከጭነት ጭነት እንደሚለያይ ሊገነዘቡ ይገባል። ቲማቲም የሚቸኮልለት ስለሚበላሽ ነው፤ ከተለቀመ በኋላም ስለሚተነፍስ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱም ይበልጥ ያበስለዋል፣ በዘገየ ቁጥር ዋጋው ቀስ በቀስ ይወርዳል። ለፋብሪካ የሚሄድ መለዋወጫ ግን ራሱ አይበላሽም፤ የሚቸኮልለት እርሱ እስኪደርስ ድረስ ማሽኑና ሠራተኛው ሥራ ፈትተው ስለሚጠብቁ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ከባቱ ወደ ቦሌ የሚሄድ የጽጌረዳ አበባ ወይም ጅቡቲ ላይ መርከብ የሚጠብቅ ኮንቴይነር የሌላ ማጓጓዣ መነሻ ሰዓት የተቆረጠበት ጭነት ስለሆነ አውሮፕላኑ ወይም መርከቡ ከሄደ በኋላ በአሥር ደቂቃ መዘግየትና በአሥር ሰዓት መዘግየት መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጭነት ከመቀበልዎ በፊት «ቢዘገይ የሚጎዳው ማን ነው፣ ጉዳቱስ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» ብለው ባለንብረቱን ወይም ጭነቱን የሰጠውን ሰው ይጠይቁ። መልሱ ምን ያህል መጠባበቂያ ጊዜ መያዝ እንዳለብዎ፣ አንዳንዴም ጭነቱን መቀበል እንደሌለብዎት ይነግርዎታል።

አሁን ባለንብረቱ «ፈጣን ሹፌር» ስላለው ነገር እንነጋገር፤ በዚህ ቃል ብዙ ወጣት ተጎድቶበታልና። ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው የክፍያ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለስሌት ያህል ይህን ርቀት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በ64 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ በሰዓት 100 የሄደው ደግሞ በ51 ደቂቃ። የተገኘው ትርፍ 13 ደቂቃ ብቻ ነው። በአንጻሩ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ጉልበት ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ስለሚያድግ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ የናፍታው ወጪም እንዲሁ ከፍ ይላል። አሥራ ሦስት ደቂቃ ማለት ጫኝና አውራጅ እስኪሰበሰብ የሚጠበቅበት፣ የጠፋ ደረሰኝ የሚፈለግበት ወይም በማደያ ሰልፍ ሦስት መኪና እስኪቀዳ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በአስቸኳይ ጭነት ጊዜ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ቆሞ ሳለ ስለሆነ የሚቆጠበውም እዚያው ነው፤ በመንገድ ላይ ለመካስ የሚሞከረው ሁሉ ትንሽ ትርፍ በትልቅ አደጋ መግዛት ነው።

በዚህ ምክንያት ሰዓትዎን ከመድረሻው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያስሉ። ቲማቲሙ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገበያ መድረስ አለበት እንበል። ከባቱ ለሚደረገው ጉዞ 3 ሰዓት፣ ለጎማም ሆነ ለመንገድ መዘጋት መጠባበቂያ 1 ሰዓት ቢይዙ ከባቱ የሚነሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ጭነቱ 3 ሰዓት የሚወስድ ከሆነ መኪናው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ከእርሻው በር መቆም አለበት፤ ስለዚህም ነዳጅ በቀን ተቀድቶ፣ ጎማ በቀን ታይቶ፣ እርስዎም ከሰዓት በኋላ ተኝተው መሆን አለበት። ገበሬው «በ12 ሰዓት ዝግጁ ነው» ቢልም ለቀማው መጠናቀቁን ከመሄድዎ በፊት በስልክ ያረጋግጡ። ያልተለቀመ ማሳ አጠገብ ሦስት ሰዓት የጠበቀ አሽከርካሪ ያንን ጊዜ በመንገድ ላይ ለማካካስ ይፈተናል፤ ፈተናው የሚጀምረውም ሊነዳ ሲል ሳይሆን ሳይደውል ሲቀር ነው።

ስለ ቲማቲሙ ራሱ ጥቂት እንጨምር፤ ረዳት ሳሉ አይተውት ሊሆን ቢችልም ኃላፊነቱ አሁን ወደ እርስዎ ዞሯልና። ሣጥኖቹ ሲደረደሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው፤ ሸራው ከላይ ፀሐይንና ዝናብን ይከልክል እንጂ ጭነቱን ዙሪያውን ጠፍንጎ አያፍነው። ከሣጥኑ አፍ በላይ የሞላ ቲማቲም በላዩ የሚጫነውን ሣጥን ክብደት በራሱ ይሸከማል፤ ገበያ ሲደርስ የታችኛው ረድፍ ጭማቂ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። በማቀዝቀዣ መኪና የመሥራት ዕድል ካጋጠመዎትም ቅዝቃዜ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው መካከል መጠበቅ ሲኖርበት ቲማቲም ግን ከ10 ዲግሪ በታች ለረጅም ጊዜ ቢቆይ ጣዕሙንና መልኩን ያጣል። የሙቀት መጠኑን የሚወስነው አስጫኙ ስለሆነ ቁጥሩን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ሲጭኑና ሲያራግፉም መለኪያው የሚያሳየውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

መኪናውን በተመለከተ፣ አንድ ቀን ጭነቱ ወደ ምሥራቅ እንደሚወስድዎ ከአሁኑ ያስቡ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአፋር ቆላ ሙቀት ደካማ ጎማን አይምርም። የጎማ አየር የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በጉዞ ላይ ጎማው ሲግል አየሩ ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል፣ አየር ያነሰው ጎማም ይበልጥ እየተጣጠፈ ይበልጥ ይግላል፣ ከዚያም ይፈነዳል። ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይጀምሩ፤ በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ፍሬኑ ግሎ መያዝ የሚያቅተው ከታች፣ በጣም በሚፈለግበት ቦታ ነው። በመተሐራና በአዋሽ መካከል መንገዱ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ስለሚነካ፣ ከዚያም ወዲያ ግመልና ከብት በመንገድ ላይ ስለሚውል ሲመሽ ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

ሰነዶችዎን፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመቱን ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና የጭነቱን ሰነድ በአንድ መያዣ አድርገው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ኬላ ላይ ጋቢና የሚበረብር አሽከርካሪ የተጠራጠረውን ተቆጣጣሪ ይበልጥ ያስጠረጥራል። በጭነት ሰነዱ ላይ የተጻፈውን ብዛት ሳይቆጥሩ አይፈርሙ።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የማስበልጠው እርሱን ነው። እንደሚዘገዩ ባወቁበት ቅጽበት ይደውሉ። ጎማ ሲፈነዳ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም የጭነቱ ሰዓት ሲገፋ ብዙ አዲስ ሹፌሮች «ምናልባት እደርስበታለሁ» በሚል ተስፋ ዝም ይላሉ፤ የሚደውሉት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ቀድሞ የተነገረው ፋብሪካ የሥራውን ቅደም ተከተል ሊለውጥ፣ የተነገረው ነጋዴም ለደንበኞቹ ሊያሳውቅ ይችላል። የደንበኛ እምነት የሚገነባው ሁልጊዜ በመድረስ ብቻ አይደለም፤ ባለመድረስ ጊዜ እውነቱን ቀድሞ በመናገርም ነው። ባለንብረትዎ ይህን የማይቀበል፣ «ዝም ብለህ ንዳ» የሚል ሰው ከሆነ ግን ሌላ ባለንብረት ይፈልጉ፤ በሁለት ዓመት የረዳትነት ልምድ ሥራ የሚያጡ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ «ልጄ በጭነት መኪና ከተቀጠረ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ነው የሚሄደው። ቀን ቤት ሲመጣ ጥቂት አረፍ ብሎ ተመልሶ ይወጣል። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብሎ ጫት ይቅማል። ስነግረው ‹እማዬ፣ ሥራው እንዲህ ነው፣ ሁሉም ሹፌር እንዲህ ነው› ይለኛል። እውነት ሥራው እንዲህ ነው? እኔስ ምን ላድርግ?» የአንድ ሹፌር እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እናታችን፣ ብዙ ሹፌር እንዲህ እንደሚሠራ ልጅዎ የተናገረው እውነት ነው፤ ሥራው እንዲህ መሆን አለበት ማለቱ ግን ትክክል አይደለም። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው የንቃት መቀነስ በብዙ አገሮች ሕግ ማሽከርከር በሚከለክል መጠን አልኮል ከጠጣ ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ከዚህም ሌላ ሰውነታችን የራሱ ሰዓት ስላለው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም ከምሳ በኋላ፣ የተኛም ሰው ቢሆን ይደክመዋል። በዚያን ጊዜ ዓይን ተገልጦ አእምሮ ለጥቂት ሰከንዶች ሊያንቀላፋ ይችላል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ስለሚጓዝ አራት ሰከንድ ያንቀላፋ ሹፌር 90 ሜትር ያህል መኪናውን ማንም ሳይነዳው ተጉዟል ማለት ነው።

ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር የድካምን ስሜት ይሸፍናል እንጂ ድካሙን አያስወግደውም፤ ከሰውነት ሲወጣ የተሸፈነው ድካም በአንድ ጊዜ ይመለሳል፣ በመሐሉም ሹፌሩን ደፋርና ችኩል ያደርገዋል። ቀን ለመተኛት ሲሞክርም እንቅልፍ ይነሣዋል፤ በዚህም ምክንያት በሚቀጥለው ሌሊት ይበልጥ ይፈልገዋል። ልጅዎ «ሥራው ነው» የሚለው ይህን የማያልቅ ዙር ነው።

ምን ላድርግ ላሉት፣ እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ነገር ከሚያስቡት በላይ ነው። ሌሊት ለሚሠራ ሰው ቀኑ ሌሊቱ ነውና ቤት ሲመጣ ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ክፍል ያዘጋጁለት፤ ስልኩ ይጥፋ፣ እንግዳ መጣ ተብሎ አይቀስቀስ፣ ወደ ገበያም ሆነ ወደ ልቅሶ አይላክ። ጎረቤት ቅር እንዳይለው ምክንያቱን እርስዎ ያስረዱ። ከመውጣቱ በፊት የሚበላው ምግብ ቀለል ያለ ይሁን። በመንገድ ላይ ሲደክመው ደግሞ ቡና ጠጥቶ ወዲያው መኪናውን ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ አቁሞ ለ20 ደቂቃ ይተኛ፤ የቡናው ኃይል የሚሠራው ከዚያ ያህል ጊዜ በኋላ ስለሆነ ሲነሣ ሁለቱም በአንድነት ይረዱታል። ይህም ቢሆን ወደ ማረፊያ ለመድረስ የሚያግዝ እንጂ የሌሊት እንቅልፍን የሚተካ አይደለም። በሚተኛበት ጊዜ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ሐኪም ያሳዩት፤ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቋረጥ በሹፌሮች ላይ የሚታይና ሕክምና ያለው ችግር ነው።

ለልጅዎም ይህን ያንብቡለት፦ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጭነት አሽከርካሪ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ በሕግ ይገደዳል፤ በአሜሪካም ተከታታይ 10 ሰዓት ያላረፈ አሽከርካሪ ሥራ መጀመር አይችልም። በእነዚያ አገሮችም አስቸኳይ ጭነት አለ፤ ይደርሳልም። ርቀቱ ለአንድ ሰው የማይቻል ሲሆን ሁለት ሹፌር ይመድባሉ። ልጅዎ ከባለንብረቱ ጋር ሲነጋገር «አልችልም» ከማለት ይልቅ «ለዚህ ጉዞ ሁለተኛ ሹፌር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መነሻው ከምሽቱ ይቅደም» ብሎ መፍትሔውን ይዞ ቢቀርብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ባለንብረቱ የዘገየሁበትን ጊዜ ሁሉ እያሰላ ከደመወዜ ይቆርጣል፤ በአንዱ ወር የደመወዜን ከግማሽ በላይ ቆርጦብኛል። ደላላው ደግሞ የመመለሻ ጭነት እያለ ያስጠብቀኝና ባዶዬን እመለሳለሁ። መብቴ እስከምን ድረስ ነው?» ከአዳማ

መልስ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ሊቀንስ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የሰጠው ስምምነት ሲፈቅድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በእነዚህም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ውልዎ በጽሑፍ ይሁን፤ ደመወዙ፣ የጉዞ አበሉ፣ የትኛው መዘግየት በእርስዎ የትኛው በጫኝ ወይም በመንገድ እንደሚታሰብ በግልጽ ይስፈር። የደረሱበትንና የተነሡበትን ሰዓት በደብተር ይያዙ፤ የደረሱበት ሰዓት በተቀባዩ ፊርማ ከተረጋገጠ ክርክሩ ያጥራል። ስለ ደላላው፦ የሚጠብቁበትን ጊዜ ገደብ አስቀድመው ይወስኑ። ባዶ መመለስ ለባለንብረቱ ኪሳራ መሆኑ እውነት ቢሆንም አንድ ቀን ሙሉ ተጠብቆ የተገኘ ርካሽ ጭነት የነገውን ሙሉ ኪራይ ካሳጣ ከባዶው የባሰ ነው፤ ይህንንም ከባለንብረቱ ጋር ተቀምጠው በቁጥር ያሳዩት።

ጥያቄ፦ «ዲቪ ደርሶኝ የጉዞ ቀን እየጠበቅሁ ነው። በኦሃዮ ኮሎምበስ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የራሱ የጭነት መኪና አለው፤ አስቸኳይ ዕቃ ነው የሚያመላልሰው። ‹ና፣ አብረን እንነዳለን፣ ገንዘቡ ጥሩ ነው› ይለኛል። እዚህ ስምንት ዓመት በጅቡቲ መስመር ነድቻለሁ። የእኔ ልምድ እዚያ ያገለግለኛል?» ከአዳማ

መልስ፦ ልምድዎ ያገለግልዎታል፤ መንጃ ፈቃድዎ ግን አያገለግልዎትም። አሜሪካ ከካናዳና ከሜክሲኮ በቀር የሌላ አገር የንግድ ጭነት መንጃ ፈቃድ ስለማትቀበል ለከባድ መኪና እንደ አዲስ ተምረው መፈተን ይኖርብዎታል። ይህ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ11,800 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚበልጥ መኪና ነው፤ ከየካቲት 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወዲህ ደግሞ ፈተና ከመቀመጥ በፊት በተመዘገበ ማሠልጠኛ መሠልጠን ግዴታ ሆኗል። በአስቸኳይ ጭነት የሚሠሩ ብዙ መኪናዎች ከዚህ ክብደት በታች ስለሆኑ የወንድምዎ መኪና የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት።

ሥራው በዚያ አገር ምን እንደሚመስልም ይወቁ። ኦሃዮና አጎራባቿ ሚሺጋን የመኪና ፋብሪካዎች የበዙበት አካባቢ ናቸው፤ ፋብሪካዎቹ ብዙ መለዋወጫ በመጋዘን ስለማያከማቹ አንድ ዕቃ ሲጎድል በዚያው ሰዓት የሚነሣ መኪና ይፈልጋሉ። ዕቃው ብዙ ጊዜ በመኪናው ውስጥ ብቻውን ይጫናል፤ በመንገድ ላይ ወደ ሌላ መኪና ሳይዛወር ከበር እስከ በር ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ኪራዩ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጭነት ከተራገፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪገኝ በማያውቁት ከተማ አንድ ወይም ሁለት ቀን መጠበቅ የተለመደ ነው፣ ወደሚቀጥለው መጫኛም በባዶ የሚነዳው ርቀት ሁልጊዜ የሚከፈልበት አይደለም። ወንድምዎ «ጥሩ ነው» ያለው ገንዘብ የነዳጁ፣ የኢንሹራንሱ፣ የጥገናውና የመኪናው ዕዳ ሳይቀነስ ከሆነ በእጁ የሚቀረው ሌላ ቁጥር ነው። የአንድ ጥሩ ወር ሳይሆን የአንድ ሙሉ ዓመት የተጣራ ገቢውን ይጠይቁት፤ ወንድም ለወንድሙ ይህን መንገሩ ነውር የለውም። የእርስዎ ድርሻ በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ ደመወዝ የሚለውም ከመሄድዎ በፊት ይለቅ፤ በጋቢና ውስጥ ሌት ተቀን አብረው የሚኖሩ ወንድማማቾች በገንዘብ ባይቀያየሙ ይመረጣል።

ሁለት ሆነው የሚነዱበት ምክንያት ሕጉ ነው። አንድ አሽከርካሪ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ በሚቀጥሉት 14 ሰዓታት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ሰዓቱንም ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግበዋል። አንዱ ሲነዳ ሌላው ከጋቢናው ጀርባ ባለው አልጋ ይተኛል፤ መኪናውም ሳይቆም ይሄዳል። በሚንቀሳቀስ መኪና መተኛት ለሁሉም ሰው አይሆንለትም፤ በጅቡቲ መስመር ከረዳትዎ ጋር ሲፈራረቁ ተኝተው የሚያውቁ ከሆነ ራስዎን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ጠቅላላ ክብደታቸው ከ4,500 ኪሎ ግራም ገደማ በታች የሆኑ ትንንሽ ቫኖች አደገኛ ዕቃ ካልጫኑ በስተቀር በዚህ የሰዓት ሕግ አይገደዱም። ይህ ለጀማሪ ነፃነት መስሎ ቢታይም ለእናታችን የመለስነውን መልስ እርስዎም እንዲያነቡት እጠይቃለሁ፤ ሕግ ያልከለከለው ድካም እንደተከለከለው ድካም ይገድላል።

እስከ ጉዞዎ ድረስ ባለው ጊዜ በእንግሊዝኛዎ ላይ ይሥሩ። የፌዴራል ሕጉ የንግድ መኪና አሽከርካሪ የመንገድ ምልክት እንዲያነብና ከተቆጣጣሪ ጋር በእንግሊዝኛ እንዲግባባ ይጠይቃል፤ ከሰኔ 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወዲህ ይህን የማያሟላ አሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሲፈተሽ ከመንዳት ይታገዳል። ጤናዎንም እዚሁ ሳሉ ይመርመሩ፤ በአሜሪካ ለአሽከርካሪ የሚሰጠው የሕክምና ማረጋገጫ ቢበዛ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን የዓይን እይታንና የደም ግፊትን በጥብቅ ይመለከታል። ቀጣሪዎች ያለፉትን ዓመታት የሥራ ታሪክ ስለሚጠይቁም በስምንቱ ዓመታት ያሠሩዎት ባለንብረቶች ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ዓይነት መኪና፣ በየትኛው መስመር እንደነዱ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጡዎ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ደብዳቤዎቹንም በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ከሻንጣ ይልቅ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይያዟቸው።